የወረዳ የንባብ ውጤት ሲሻሻል፦ ዜሮ ካመጡት ልጆች መጀመር

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። አንድ ወረዳ የንባብ ውጤቱን ላሻሽል ብሎ ከተነሳ መከታተል ያለበት የእነዚህን ልጆች ቁጥር ነው። አማካይ ውጤት ጎበዞቹ ብቻ ሲሻሻሉም ከፍ ስለሚል ያታልላል።

ለምዘናው ከየትምህርት ቤቱ 10 ሴትና 10 ወንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይበቃሉ። መራጩ ርዕሰ መምህሩ ከሆነ ጎበዞቹ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ከስም ዝርዝሩ በእኩል ርቀት እየዘለሉ መውሰድ ነው፤ ሴቶቹ 60 ከሆኑ በየስድስቱ። ልጁ ለብቻው ተቀምጦ ፊደል ለ60 ሰከንድ፣ ምንባብ ለ60 ሰከንድ ያነብባል፤ ቀጥሎ 5 የመረዳት ጥያቄ። ከመጀመሪያዎቹ 10 ፊደላት አንዱንም ካላወቀ እዚያው ይቁም፤ ማስጨነቁ አይጠቅምም።

የፊደል ወረቀቱ የግድ የተዘበራረቀ ይሁን። ገበታውን ከ«ሀ» ጀምሮ በዜማ የሚወርደው ልጅ «ሚ» ለብቻዋ ስትቀርብለት ከንፈሩን እዩት፦ መ፣ ሙ፣ ሚ። ቆጥሮ ነው የደረሰባት። በዚህ አካሄድ «ሚስማር»ን እስኪጨርስ የቃሉ መነሻ ይጠፋበታል፤ ትርጉሙ ጋ ጨርሶ አይደርስም።

ለዚህ የሚሠራው 231ዱን ፊደላት አስቀድሞ መጨረስ አይደለም። ከ«በ»፣ «ለ» እና «ሰ» ረድፎች ብቻ «በላ»፣ «ሳል»፣ «ልብስ» ይወጣሉ፤ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃል ያነብባል። ቡ፣ ሉ፣ ሱ ጎን ለጎን ሲጻፉ ቅጥያው ወገብ ላይ፣ ቢ፣ ሊ፣ ሲ ላይ እግር ሥር መሆኑን ራሱ ያየዋል። «ሩ» እና «ሪ» ይህን ስለማይከተሉ ይቆዩ። ሳድስ (ስድስተኛው ፊደል፣ እንደ ብ፣ ል፣ ስ) ደንብ ስለሌለው እያንዳንዱን ለየብቻ ማስለመድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጅ የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው።

መዛኞች በአራረም ካልተስማሙ ውጤቱ አይነጻጸርም። «ገና» ለብቻው ከቀረበ ላልቶም ጠብቆም ትክክል ነው፤ በምንባብ ውስጥ ግን ትርጉሙ ይወስናል።

የአንድ ጊዜ ሥልጠና ብቻውን አይዘልቅም። ሱፐርቫይዘሩ በየሁለት ሳምንቱ ክፍል ገብቶ አንድ ነገር ይቁጠር፦ በ40 ደቂቃ ውስጥ ስንት ልጅ ለብቻው ድምፅ አውጥቶ አነበበ? መምህሩ ብሎ ክፍሉ ሲያስተጋባ ጣሪያ የሚያይ ልጅም አብሮ ይጮኻል። የተቆጠረው በወሩ የጉድኝት ማዕከል (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች መገናኛ) ስብሰባ ይቅረብ፤ መምህራኑም እዚያው የማስተማር ልምምድ ያድርጉ።

መጻሕፍት ስቶር ውስጥ የሚቆለፉት ብዙ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ የተቀደደውን እከፍላለሁ ብሎ ስለሚሰጋ ነው። በንባብ ያረጀ መጽሐፍ እንደማያስጠይቅ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያሳውቅ።

ምዘናው ጥቅምት፣ ጥርና ግንቦት ላይ ይደገም፤ ምንባቡ በክብደት ተመጣጣኝ ግን የተለየ ይሁን፤ ያለዚያ የሚለካው ትውስታ ነው። በየዙሩ ዜሮ ያመጡት ልጆች ስም በዕለቱ ለመምህሩ ይሰጥ፤ ለእነሱ የሚቋቋመው የማካካሻ ትምህርት ቡድን በማግስቱ እንዲጀምር።