የሞሱሉ ማንቆርቆሪያ

ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ በአማርኛ «ማሚ፣ ይሄ ምን ያደርጋል?» ስትል ሰማሁ። «እጅ ማስታጠቢያ ነው» አለቻት እናቷ። ልጅቷ አላመነችም። አልፈርድባትም።

የብላካስ ማንቆርቆሪያ ይሉታል። ሹጃ ኢብን መንዓ የተባለ ባለሙያ በ1232 እ.ኤ.አ. ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ባለችው ሞሱል ከተማ የሠራው የናስ ዕቃ ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግን ባዶ ቦታ የለውም! ናሱ ይፈለፈላል፣ ጎድጎድ ባለው ላይ ስስ ብርና መዳብ ተደርጎ በመዶሻ ይጠቀጠቃል። አደኑ፣ ጦርነቱ፣ ሙዚቀኛው ሁሉም አለ።

እኔን የያዘችኝ ግን አንዲት ሴት ናት። ቁጭ ብላ በመስታወት ፊቷን ታያለች። አጠገቧ ደንገጡሯ ሳጥን ይዛ ቆማለች። ከዘማቾቹና ከአዳኞቹ እኩል ቦታ ተሰጥቷታል። በጣም ደስ አለኝ።

ሹጃ ስሙን፣ ወሩን፣ ዓመቱንና ከተማውን ዕቃው ላይ ጽፎበታል። ውሃ ለሚቀዳበት ዕቃ! እኔ ይሄን ትልቅ ክብር እለዋለሁ፤ ለሥራውም፣ እጁን ለሚታጠበው ሰውም። የሞሱል አንጥረኞች ኋላ ደማስቆና ካይሮ ገብተው ሲሠሩም «አል-መውሲሊ»፣ የሞሱሉ ሰው፣ ብለው ይፈርሙ ነበር።