ደሴን በ16 ሺ ብር ቢላ

ቢላውን የገዛሁት ለዚህ ጉዞ ብዬ ነው። 16 ሺ ብር። አዎ ለአንድ ቢላ፣ ሚስቴን እስካሁን 6 ሺ ነው ያልኳት። ሻጩ ከውጪ የመጣ ነው፣ ካምፒንግ ወጥተህ እንጨት ትፈልጥበታለህ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ወጥ ነው ምናምን አለኝ፣ ጥቁሩ የፕላስቲክ አፎት ውስጥ ሲገባ ደሞ ቀጭ የሚለው ድምፅ ጨረሰኝ።

ከአዲስ አበባ 11 ሰዓት ለሊት ወጣን፣ የጣርማበርን ዋሻ ተኝቼ አለፍኩት፣ ከሚሴ ጋ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ። ኬላ በደረስን ቁጥር ቢላውን ይወስዱብኛል ብዬ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ስር ቀብሬዋለሁ። ምነው ያኔ በወሰዱልኝ። ኮምቦልቻ ምሳ በላን፣ ከዛ ሐረጎን እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው ግን ታች በቲሸርት የነበረ ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል። መናኸሪያ የባጃጁ ልጅ አነጋገሬን ሰምቶ 200 አለኝ፣ ከፈልኩ። አክስቴ "50 እኮ ነው ልጄ!" እያለች እስክመለስ ድረስ ስታነሳው ከረመች።

በነጋታው ከልጆቿ ጋር ጦሳ ተራራ ወጣን። ከተማዋ እግራችን ስር ናት፣ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ደረቅ ባህርዛፍ አገኘንና ቪዲዮ ላይ እንደሚያደርጉት ቢላውን እንጨቱ ላይ ሰክቼ ጀርባውን በዱላ መታ መታ ሳደርገው በሶስተኛው እጀታው ለሁለት ተሰነጠቀ። ወጥ ነው የተባለው ብረት እጀታው ውስጥ ከትንሿ ጣቴ አይረዝምም፣ እንደ አይጥ ጅራት ቀጥኗል፣ የቀረው ቦታ ቢጫ ሙጫ ነው። ትንሹ ልጅ አየት አደረገና "ወንድም ጋሼ፣ ይሄ የኬክ ነው እንዴ?" አለኝ።

በፕላስተር ጠቅልዬው ተመለስኩ። ቅዳሜ በግ ታረደ፣ እኔ ደሞ አላርፍም፣ ጭኑን ከመገጣጠሚያው ልለይ ብዬ ጠምዘዝ ሳደርገው ከስለቱ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ተሸርፋ ስጋው ውስጥ ገባች። ግማሽ ሰዓት እሷን ፈለግን። የአክስቴ ባል ምንም ሳይሉ የራሳቸውን ካራ አመጡ፣ ከመሳል ብዛት መሀሉ ጎድጉዷል፣ እጀታው በሽቦ ታስሯል፣ እሳቸው በጉን ብልት በብልት ለይተው ሲጨርሱ እኔ እጄን እየታጠብኩ ነበር።

የኔ ቢላ ላይ ዲ2 ይላል። ማታ ሳነብ ዲ2 ለካ ፋብሪካ ውስጥ ዳይ ለሚባሉ የብረት መቁረጫዎች የሚውል ብረት ነው፣ ካርበኑ 1.5 ፐርሰንት፣ ክሮሚየሙ 12 አካባቢ፣ ስለቱ ቶሎ አይደነዝም ግን ሲመታና ሲጠመዘዝ ይሸረፋል። እና እንጨት ፍለጥበት ብሎ የሸጠልኝ ሰውዬ ምን አስቦ ነው?

ሰኞ ገበያ ለአንድ ቀጥቃጭ አሳየሁት። በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ አደረገው፣ የተሸረፈውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "ወላሂ ይሄን መዶሻ አላስነካውም፣ እጄ ላይ ይሰበራል" አለና ከመኪና ባሌስትራ የሰራውን ሰጠኝ፣ 600 ብሎ አክስቴ በ400 አስጨረሰችው። የባሌስትራ ብረት ካርበኑ ከዲ2 ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ ቶሎ ይደነዝ ይሆናል ግን እንደዛ አይሸረፍም፣ ሲደነዝ ደሞ በሞረድ ሁለት ሶስቴ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው።

ለሻጩ ፎቶ ላኩለት። "አጥንት ላይ ለምን ተጠቀምክ?" አለኝ። እጀታውንስ ስለው አየው፣ አልመለሰም።

አፎቱ ግን ጥሩ ነው፣ እውነት ለመናገር። የ400 ብሩን ቢላ እሱ ውስጥ ከትቼ ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ስለሚሰፋው አውቶቡሱ ባንገጫገጨ ቁጥር እስከ ደብረ ሲና ድረስ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንኳኳ ነበር፣ ከዛ አንድ ካልሲ ጎሰጎስኩበት።