ከ8 ሰዓት በኋላ

ከወልቂጤ አልፎ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጨርስ አየሩ መለስ አለ፤ ከሰኮሩና ከአሰንዳቦ ወዲያ ዓይን የሚያርፈው አረንጓዴ ላይ ብቻ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኔ ግን የመጣሁት ከካናዳ ነው፤ ፋርማሲስት ነኝ፤ ለ3 ሳምንት በበጎ ፈቃድ ላገለግል። አማርኛው የራሴ ነው፤ ኦሮምኛውን አብሮኝ መድኃኒት የሚያድለው ባለሙያ፣ ድራጊስቱ፣ ይተረጉምልኛል። ስለዚህ በቋንቋ በኩል ምንም አልሰጋሁም።

የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ አንድ መስኮትና ጥቂት መደርደሪያ አለው። ከመስኮቱ ውጭ ሕዝቡ ካርዱን ይዞ ይሰለፋል፤ ብዙዎቹ ጎህ ሳይቀድ ከቤታቸው የወጡ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ አንዲት ወጣት እናት የ3 ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ወባ ነው። ልጁ 13 ኪሎ ስለሚመዝን ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያውን እዚያው ፊቴ ዋጠ። «ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ ስጪው፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ» አልኳት። «እሺ ዶክተር» ብላ አመስግናኝ ሄደች።

ድራጊስቱ ማዘዣውን አስቀምጦ ከኋላዋ ወጣ። በሩ ላይ ሲጠይቃት ሰማሁት።

«እህቴ፣ የሚቀጥለውን መቼ ነው የምትሰጪው?»

«8 ሰዓት ሲያልፍ። ምሳ ከበላ በኋላ።»

በእርግጥም ያልኳት እንደዚያ ነው። 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ልጁ ሁለተኛውን ፍሬ ሊወስድ የነበረው ከመጀመሪያው ገና 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነበር። መውሰድ የሚገባው ግን 8 ሰዓት ሙሉ ቆይቶ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ድራጊስቱ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከብት ሲገባ» አላት። ቅባት ከሌለው ምግብ ጋር ከተወሰደ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም ስለማይገባ፣ ከጓሮ አቮካዶ እንድታበላው፣ ወተት ካለም እንድትሰጠው ነገራት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከው ግን ያንኑ መጠን መድገም እንዳለባት፣ ፍሬ ቢጎድልባትም ተመልሳ እንድትመጣ ጨመረላት። ከዚያ ሁሉንም መልሳ እንድትነግረው አደረገ።

ያደግኩበት የሰዓት አቆጣጠር ሆኖ ሳለ አላሰብኩትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ካናዳ ውስጥ መለያውን ማሽን ያትመዋል፤ እኔ ለጥፌ እሰጣለሁ፤ ታካሚው ያነባል። ቃሌ ሰው ቤት ገብቶ ምን እንደሚሆን እንዲህ ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ድራጊስቱ እንደ ስህተት አልቆጠረብኝም። «ኦሮምኛውም እንዲሁ ነው፤ ሰዓቱን ጠርተሽ አትተዪው፣ ጠይቂያቸው» አለኝ እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም «ገባሽ ወይ?» አላልኩም። «ቤት ስትደርሺ እንዴት ነው የምታደርጊው?» እላለሁ። ሰልፉ ረዘመ፤ ይርዘም።

ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ቡና ብረቱን በአንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ኪኒኑን ቡና ላይ የዋጠች ሴት የምታገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ አውቀዋለሁ፤ ጅማ ላይ ግን ቡና ከጠዋት ጀምሮ ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራራል፣ አቦል ሳያልቅ የሚነሳ የለም። አትጠጡ ማለት ከሰው ጋር አትቀመጡ ማለት ነው፤ ይህን ልል አልፈለግሁም። አንዷን «ከቡና 2 ሰዓት በኋላ» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እንደገና ሰዓት ልጠራ ነበር።

«ቡናሽን መቼ መቼ ትጠጫለሽ?» አልኳት።

«ጠዋት፣ ከምሳ በኋላ፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ።»

«ከአመሻሹ በኋላስ?»

«እራት አቀርባለሁ፣ ልጆቹን አስተኛለሁ።»

«እንግዲያው አንቺም ልትተኚ ስትይ፣ በውሃ ዋጪው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከኪኒኑ ነው። እስኪ አሁን አንቺ ንገሪኝ።»

አንድም ሳታስቀር መለሰችልኝ። ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች።

«እኔ የሚዛን ልጅ ነኝ። እኛ ቤት የቡናውን ቅጠል በቅመም አፍልተን እንጠጣለን። እሱስ?»

ካናዳ ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቅጠሉም ብረት የሚይዝ ነገር ስላለው እንደ ቡናው ቁጠሪው አልኳት። «እሺ፣ እሱንም ካመሸ አልጠጣም» ብላ ሄደች። ቀጣዩን ካርድ ከመቀበሌ በፊት ጥያቄዋን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።