ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነሳበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬ አንድ ጓደኛዬ የገጣጠመልኝ፣ ስምንት ዓመት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ባለፈው ክረምት አመል አወጣ። ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ድርግም ይላል። ከዚያ ራሱ ተነስቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። አንዳንዴ ሦስት ቀን ደህና ይሰነብታል። አንዳንዴ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ይነሳበታል።

እናቴ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «እኔ ምጣድ ስሰካ እኮ ነው የሚጠፋብህ» አለችኝ። ሳቅኩ። አምፖሉ በርቷል፣ ዋይፋዩ ይሠራል፤ ምጣድና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው? ያቺ ሳቅ ሁለት ወርና የአንድ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ዋጋ አስከፈለችኝ።

መጀመሪያ ቫይረስ ነው ብዬ ፎርማት አደረግኩት። በማግስቱ ድርግም። ደግሜ ፎርማት አደረግኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ቀጥሎ አንድ ሻጭ «ራም ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም» ብሎ ፈረደ። ኮምፒውተሩን ሳያየው ነው እንግዲህ። ያገለገለ ራም ገዛሁና ቀየርኩ። እግረ መንገዴን አቧራውን ጠረግኩ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውንም ፔስት አደስኩ። ሥራ ሲበዛበት 84 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ሙቀት ወደ 66 ወረደ። አራት ቀን ሰላም ሆነ። በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ድርግም።

አሁን ሳስበው በዚያ ቀን የሠራሁት ሥራ ቢሳካ እንኳ ምንም አያስተምረኝም ነበር። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ነካክቼ የትኛው እንዳዳነው በምን አውቃለሁ? ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ።

ደብተርም ያዝኩ። በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየሠራሁ እንደነበር እጽፋለሁ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ችግር ሲፈጠር በራሱ ሪስታርት የሚያደርገውን ምርጫ አጠፋሁት። ይህን ሳታጠፉ ሌላ ምርመራ አትጀምሩ። ራም ወይም ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሲያስቸግር አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የተጻፈበት ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል፤ ምርጫው ከጠፋ ስክሪኑ እዚያው ቆሞ ስህተቱን ያስነብባችኋል። የእኔ ግን አንድም ቀን ሰማያዊ አላሳየኝም። ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ማያ ውስጥ የማገኘው «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚያመቻቸው ሳጥን) ሞተ ይላል። መዝገቡ ግን የሚለው «በሥርዓቱ ሳልዘጋ ጠፋሁ» ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አይናገርም። የስህተት ቁጥሩ ዜሮ መሆኑ ግን ዓይኔን ወደ ኤሌክትሪኩ መለሰው። ዊንዶውስ ስህተቱን ለመመዝገብ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው።

ጥርጣሬዬን ለማጥራት የድሮውን ራም መልሼ ሰካሁና ሜምቴስት የተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ፈተሸው። አራት ዙር፣ ዜሮ ስህተት። የገዛሁትን ልመልስ ብሄድ ሻጩ «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ።

በሁለት ሳምንት ደብተሬ ላይ 11 ጊዜ ጽፌያለሁ። ስምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ሰዓት። ደብተሩን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ከጓደኛዬ ቮልት የሚለካ ቴስተር ተዋስኩ። ኮምፒውተሩ የሚሰካበት ሶኬት 214 ቮልት ያሳያል፣ ምጣዱ ሲሰካ 187 ይወርዳል። ምጣድ ቀላል ዕቃ አይደለም፤ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ። ከዚያ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣውን ቢጫና ጥቁር ሽቦ ለካሁ። 12 ቮልት መሆን ያለበት፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት 11.2 ሆነ። ዝቅተኛው ወሰን 11.4 ነው።

ጓደኛዬ የእሱን ፓወር ሰፕላይ አዋሰኝ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሁለት ማክሰኞ፣ ሁለት ቅዳሜ አለፈ፤ አንድ ጊዜም አልጠፋም።

የእኔን ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ የሆነ ዘመዴ ከፈተው። እናንተ እንዳትከፍቱ፤ ውስጡ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 310 ቮልት ገደማ ሊይዝ ይችላል። የእኔው ካፓሲተር ጭንቅላቱ አብጦ፣ ሥሩ ቡናማ ፈሳሽ ተፍቷል። ይህ ካፓሲተር መብራቱ ለቅጽበት ሲያንቀላፋ ኮምፒውተሩን የሚሸከመው ነው። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ እንኳ 16 ሚሊሴኮንድ ያህል መቋረጥን ይችላል። የእኔው እርጅና ስለተጫነው አልቻለም። ምጣድ ባይኖርም አልፎ አልፎ የሚጠፋው ለዚህ ነበር።

አዲስ ገዛሁ። ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር፣ ግን ያ 27 ቮልት እንቅልፍ ነሳኝ። ቤት ውስጥ እንዲህ መውረድ የለበትም። ኤሌክትሪሺያን አስጠራሁ። ብሬከሩን ሲፈታው የአንዱ ሽቦ ማሰሪያ ላልቶ፣ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። «ይሄ ነገር ቤታችሁን ሊያቃጥል ነበር» አለን። ሽቦውን ቆርጦ፣ ብሬከሩን ቀይሮ አጠበቀው። አሁን ምጣዱ ሲሰካ ከ221 ወደ 212 ብቻ ነው የሚወርደው።

እናቴ ለኤሌክትሪሺያኑ ቡና እያቀረበች «እኔማ ነግሬው ነበር» አለችው። ራሙ እስከዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለ።