ቂምን በመጠይቅ መለካት፦ መሐል ሜዳ ላይ የተማርሁት

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የመረጥሁት ርእስ፣ ሸማቾች በአንድ የውጭ አገር ላይ የያዙት ቂም ግዢያቸውን እንዴት እንደሚወስን ነበር። መነሻዬ ተመራማሪዎቹ ክላይን፣ ኤተንሰንና ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ነው፤ የጃፓን ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ጭፍጨፋ በፈጸመባት በቻይናዋ ናንጂንግ ሸማቾችን ጠይቀው፣ ቂም የያዘ ሰው የጃፓንን ዕቃ ጥራት ሳያጣጥል ከመግዛት ሊቆጠብ እንደሚችል አሳይተዋል። ሰሜን ሸዋም የራሷ ቁስል አላት፤ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጅቷል። ስለዚህ ጥያቄዬን ይዤ ወደ መንዝ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የቃል ነበር። መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ስመልስ «ይህን አገር እጠላለሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ያነበብሁላቸው ጡረተኛ ሾፌር ግን «ልጄ፣ እኔ ከቆረብሁ ወዲህ ሰው አልጠላም» ብለው ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። አያታቸው ዘረት ላይ ማለቃቸውን የነገሩኝ ቡናው ከተቀዳ በኋላ ነው። ዓረፍተ ነገሩን «ይህ አገር ያደረገብን ነገር ከልቤ አልወጣም» ወደሚል ስለውጠው ሰው መመለስ ጀመረ። (ቂም የሚለውንም ሞክሬው ነበር፤ ቂመኛ መባልን የሚወድ ግን አላገኘሁም።)

ሁለተኛው ስሕተቴ ይብሳል። የተቀየመ ሰው ዕቃውንም ያናንቃል በሚል ግምት፣ የናንጂንጉን ጥናት አንብቤ እንኳ፣ የጥራቱንና የመግዛት ፍላጎቱን ጥያቄዎች በአንድ ውጤት ደምሬያቸው ነበር። እኒሁ ሾፌር የነዱትን የጣሊያን ሥሪት የጭነት መኪና፣ የፊያት ኤንትሬን፣ ሲያነሡ ፊታቸው በራ፤ ጭነት ይዞ የጣርማ በርን አቀበት የሚወጣ እንደ እርሱ ያለ መኪና እንዳላዩ ነገሩኝና «የጣርማ በርን የመኪና ዋሻም የፈለፈለው ያው ጣሊያን ነው» ሲሉ አከሉ። ከጣሊያንና ከሌላ አገር የመጣ ዕቃ በእኩል ዋጋ ቢቀርብ የትኛውን እንደሚወስዱ ስጠይቃቸው ግን፣ ሳያመነቱ «ሌላውን» አሉ። በእኔ አደማመር አድናቆታቸውና እምቢታቸው ተጣፍተው፣ ሰውዬው ምንም የማይሰማው መካከለኛ ሆነው ይወጡ ነበር።

ክፍሎቹን ለየኋቸው፤ ምትክ የሌለውን ዕቃም ከመጠይቁ አወጣሁ፤ መደርደሪያ ላይ አንድ ብቻ ሲኖር ምርጫ የለምና።

«ጣሊያኑ ቢረክስስ?» አልኋቸው በመጨረሻ። ሣቁ። «እሱን ባለቤቴን ጠይቃት፤ ገበያ የምትወጣው እርሷ ናት።» እስከዚያ ቀን የጠየቅኋቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ቡና ቤት የተቀመጡ ወንዶች ነበሩ፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጠይቁን እንደገና ሀ ብዬ ጀመርሁ።