የክፍሉ አንደኛ ጠብ አያበርድም

ድሬዳዋ ላይ በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ጠብ መቼ እንደሚበዛ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባ፣ በር ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ «ውጭ እንገናኝ!» የተባባለ ሁሉ ቀጠሮው እዚያ ነው። ዘበኛው አንድ፣ መምህራኑ ምሳ ላይ። ቀጠሮውን ቀድሞ የሚሰማው ተማሪ ብቻ ነው፤ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት የጠብ መከላከል ሥራ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከምርጫው ነው። ደረጃ የያዙትና ጨዋዎቹ ይጠራሉ፣ ክበብ ይቋቋማል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሚኒ ሚዲያው ያውጃል። ጎበዝ ተማሪ ምን በወጣው፤ ግን የኋላ ወንበር ልጅ እሱን አይቶ እጁን አይሰበስብም። በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ በ56 ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2012/13 የትምህርት ዘመን በተደረገ ሙከራ፣ ጥቂት ተማሪዎች ጠብን የሚቃወም ዘመቻ ራሳቸው እንዲመሩ ተደረገ። ዘመቻው በተካሄደባቸው ትምህርት ቤቶች ከጠብ ጋር የተያያዘ የዲሲፕሊን ሪፖርት 30 በመቶ ያህል ቀነሰ። በተለይ የሠራው ግን ብዙ ተማሪ «አብሬው እውላለሁ» ያላቸው ልጆች ቡድኑ ውስጥ በበዙበት ቦታ ነው።

ይህን ለመድገም ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። እያንዳንዱ ተማሪ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብረውት የዋሉ ልጆችን ስም፣ እስከ 10 ድረስ፣ ይጽፋል። የራሱን አይጽፍም። ቆጠራው ለሴትና ለወንድ ለየብቻ ይሁን፤ አለዚያ ወንዶች በብዛታቸው ይውጧቸዋል። የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የአማርኛ ተናጋሪዎች በየፊናቸው የሚውሉ ከሆነም ከሁሉም ይወሰድ። ከየሴክሽኑ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። ከላይ ከሚወጡት አንዱ ያው የታወቀው ጉልቤ ሊሆን ይችላል። መምህራን «እሱማ አይሆንም» ይላሉ፤ ይሁን፣ እሱን ትቶ መጀመር በር ክፍት ትቶ መስኮት እንደመዝጋት ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ወረቀቱ ይቃጠል። ማን ስንት ጊዜ ተጠራ የሚለው ከወጣ ማንም ያልጠራው ልጅ መሳለቂያ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ካርታ ነው። ግቢው ይሳላል፤ ስድብም ግፊያም ድብድብም የታየበት ቦታ ላይ ምልክትና ሰዓት ይደረጋል፣ ስም ግን አይጻፍም። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ይከመራል፦ ሽንት ቤት ጀርባ፣ የውሃ ቧንቧው ሰልፍ፣ በር ላይ። የቧንቧው ጠብ ምክር አይፈልግም፤ ሁለተኛ ቧንቧ ወይም የክፍል ተራ ይፈልጋል።

የተጣሉትን ለማስታረቅ ሁለት ተማሪ ይቀመጣል፣ አንድ አይበቃም። ከሁለቱ አንዱ እንኳ የእያንዳንዱን ተጣይ ቋንቋ መስማት አለበት። አንደኛው ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ አስታራቂው የሰማውን በራሱ አፍ ደግሞ «እንዲህ ነው ያልከው?» ይላል። ግማሹ ጠብ እዚህ ላይ ይበርዳል። (ድሬ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ስለሚባባል ይህ ከሌላው አገር ይቀላል።) 20 ደቂቃ ካለፈ ለነገ ይደር። ስምምነቱ በሳምንቱ ይጠየቃል፤ ካልተጠየቀ አልታረቁም ማለት ነው።

ለሽምግልና የማይቀርብ ነገር አለ። ምላጭ ወይም ስለት ከወጣ፣ ልጅቷ ያለፈቃዷ ከተነካች፣ የመታው መምህር ከሆነ ተማሪ አያስታርቅም፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት አዋቂ ይነገራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ ያደርጋል፤ ስለዚህ «መምህር ነው፣ ይለፈው» አይሠራም። ጾታዊ ጥቃትን በእርቅ መሸፈን ደግሞ ልጅቷን ሁለተኛ ማጥቃት ነው።

ቡድኑን በአንድ ቀን የሚገድለው የስም ዝርዝር ነው። የክፍል አለቃ የረበሹትን ጽፎ የሚያስገርፍበት ልማድ ሁሉም ልጅ ያውቀዋል። ርዕሰ መምህሩ አስታራቂዎቹን «እነማን ተጣሉ?» ብሎ አንድ ጊዜ ስም ከተቀበለ፣ ከነገ ጀምሮ ለእርቅ የሚመጣ የለም። ለቢሮ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ይሁን፦ በሳምንቱ ስንት ጠብ፣ የት፣ በስንት ሰዓት።