ድዴ ሲደማ ብሩሹን ጣልኩት

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ላይ ጥርሴን ቦርሼ ስተፋ ሲንኩ ቀይ ሆነ። ደነገጥኩ። በዛው ብሩሹን ተውኩትና ሶስት ሳምንት በጨው ውሃ ብቻ ስጉመጠመጥ ከረምኩ፣ ድዴ ግን ባሰበት፣ አብጦ እንጀራ ስጎርስ ራሱ ይደማ ጀመር። አማቴ "አይዞሽ ልጄ፣ አንድ ልጅ አንድ ጥርስ ይዞ ነው የሚወጣ" አሉኝ።

ለካ እንደዛ አይደለም። ፅንሱ ከጥርሳችን ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ሆርሞኑ ሲጨምር ድድ ላይ ደም ይበዛል፣ ጥርስ ስር ለተጠራቀመች ትንሽ ቆሻሻ ሁሉ ይቆጣል፣ እኔ ደሞ መቦረሽ ሳቆም ቆሻሻው ተከመረ። ለስለስ ያለ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ኮልጌት ገዝቼ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ ስቦርሽ ቀስ በቀስ ደሙ ቀነሰ። ካስመለሳችሁ ደሞ ወዲያው አትቦርሹ እባካችሁ፣ የጨጓራው አሲድ ጥርሱን አለስልሶታል፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡና ግማሽ ሰዓት ምናምን ቆይታችሁ ነው።

የባሌ እህት ኩታበር ገጠሩ ውስጥ ነው ያለችው። ሰባት ወር ሆኗት መንጋጋዋን አሟት ቅርንፉድ እየነከሰች ቁጭ ብላ ስታነጋ ሰነበተች፣ ጉንጯ አብጦ በነጠላ ሸፍናው ደሴ ድረስ መጣች፣ የሄደችበት ቦታ "ከወለድሽ በኋላ ነይ" ብለው መለሷት! እስካሁን ያናድደኛል። ካበጠ እኮ አይጠበቅም። ሌላ ቦታ ወሰድናት፣ በሊዶኬይን አደንዝዘው ነቀሉላት፣ እርጉዝ ብትሆንም ማደንዘዣው ችግር የለውም፣ ራጅም ካስፈለገ ሆዷን ከልለው ያነሷታል። የሚያስፈራው ራሳችን ከፋርማሲ የምንገዛው ነው፣ ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ የልጁን ጥርስ ያበልዛል፣ አይቡፕሮፌንም በተለይ ከአምስተኛው ወር በኋላ ለፅንሱ ጥሩ አይደለም፣ ለህመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል።

እኔ ክትትል በሄድኩ ቁጥር ግፊቴን ለኩ፣ ኪሎዬን መዘኑ፣ አይረን ሰጡኝ፣ አንድ ቀን እንኳን አፍሽን ክፈቺ ያለኝ ሰው የለም። ከተማ ሆኜ እንደዚህ ከሆነ ለሷማ ማን ይነግራታል።

መፋቂያዋን ተዪ አላልኳትም፣ እንደውም ከኔ በላይ እያንዳንዷን ጥርስ አዳርሳ ነው የምትፍቀው፣ ፍሎራይድ ስለሌለው ብቻ ኮልጌቱን ጨምሪበት አልኳት። ባለፈው ስንሄድ ሶስት ይዤላት ሄድኩ። ጎረቤቷ እርጉዝ ናት፣ አንዱን አውጥታ ሰጠቻትና "ደሙን አትፍሪው፣ በስሱ እሽት አድርጊው" ስትላት ሰማሁ።